ቆየት

ሰኔ 3፣ ሰኞ

የምጨፍርበት ክለብ ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው። እናቴ የስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ትሰፋለች፣ እኔ አልጋ ላይ ሆኜ እጽፋለሁ። የምጽፈው የማወራው ሰው ስላጣሁ ነው። ያሉኝ ሰዎች ወይ ያሽሟጥጡኛል ወይ ያዝኑልኛል፤ ሁለቱም አይመቸኝም።

የቅዳሜውን ልጻፈው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሰባታችንም ወደ ግራ ዞረን የምንዘልበት ቦታ አለ። መሀል እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ መሀል እኔ ነኝ። ልዘል ስል ግራ ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። መዝለሉ ቀረ። እግሬን ጎተትኩት፣ እጄን ጭኔ ላይ አሳረፍኩ፣ አንገቴን ደፋሁ፣ ምቱ ካለፈ በኋላ ዘግይቼ ገባሁ። በቃ፣ ዛሬ ጉድ ፈላ ብዬ ነበር። ቤቱ ግን በጩኸት ቀለጠ።

ሥራ አስኪያጃችንን ሻለቃ እንለዋለን። ወታደር ቤት በበሩም አላለፈ፣ ሲያዝ ግን አዛዥ ነው። መልበሻ ክፍል ድረስ መጣ።

«ያቺን ነገር ከየት አመጣሻት?»

«ከራሴ» አልኩት።

«እንዳትተያት። ሁልጊዜ አድርጊያት።»

ውሸት አይደለም እኮ። ከራሴ ነው የመጣችው። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ትንሽ ይጠዘጥዘኛል እንጂ ደህና ነው።

ሰኔ 6፣ ሐሙስ

ዲጄው ለቅዳሜዋ እርምጃዬ ስም አወጣላት። ቦታዋ ሲደርስ ሙዚቃውን ቀነስ አድርጎ በማይክ «ቆየት በይ» ይለኛል። እግሬን እጎትታለሁ። ሕዝቡ «ቆየት!» ይላል። በሕይወቴ አርፍጄ የተጨበጨበልኝ አሁን ገና ነው። ቸኩያለሁ፣ ልብስ አልተኮስኩም።

ሰኔ 9፣ እሁድ ከሰዓት

ስነቃ ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ተኝቼበት መሆን አለበት።

ሰው ዳንሰኛ ሲባል ሽቶና መብራት ብቻ ይመስለዋል። መልበሻ ክፍላችን ድሮ የቢራ ሳጥን ማስቀመጫ ነበር፤ ሲሞቅ ዛሬም ቢራ ቢራ ይሸታል። ጣሪያው ያፈሳል፣ ከጣሪያው ስር የተቀመጠው ባልዲ ደግሞ ራሱ ያፈሳል። ለሰባት ሰው አንድ መስታወት አለን፤ ታችኛው ግማሹ ከተሰበረ ቆይቷል። ስለዚህ ሁላችንም ራሳችንን የምናውቀው እስከ ወገባችን ነው። ትናንት ከመድረክ ስወርድ አንድ ሰውዬ ክንዴን ያዘና «ቀን ቀን ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ። «እተኛለሁ» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ፣ ከዚያ ምክር ጀመረ። ሰክሮ የሚመክር ሰው ያንገሸግሸኛል። ራሱ ቆሞ መሄድ አቅቶት ለእኔ መንገድ ያሳየኛል።

ጠዋት በግማሽ እንቅልፌ አከራያችን በር ላይ እናቴን ስትነዘንዛት ሰማሁ። «ልጅሽ ዛሬም ሲነጋ ነው የገባችው?»

«ተረኛ ናት» አለች እናቴ።

ተረኛ። የሐኪም ቤት ይሁን የጥበቃ፣ የፈለግሽውን ውሰጂ ማለቷ ነው። እናቴ ጭፈራ የሚለውን ቃል ከአፏ አውጥታ አታውቅም። «እዚያ» ነው የምትለው። እዚያ ልትሄጂ ነው? እዚያ ይበርዳል? የሁላችንን ልብስ የምትሰፋው ደግሞ እሷው ናት፤ ጨርቁን በከረጢት እወስድላታለሁ፣ ሰፍታ በከረጢት ትመልስልኛለች። የምለብሰውን ልብስ እያንዳንዱን ስፌት ታውቀዋለች። ለብሼው ስጨፍር ግን አንድ ቀን አይታኝ አታውቅም።

ሰኔ 14፣ ዓርብ

ሻለቃ ሰበሰበን። ክለቡ ሊታደስ ነው። በሐምሌ አጋማሽ ተዘግቶ ነሐሴ 4 ቅዳሜ እንደ አዲስ ይከፈታል። መድረኩ፣ መብራቱ፣ ልብሱ፣ ሁሉም አዲስ። በሩ ላይ ደግሞ መሀል የምትጨፍረዋ ፎቶ ይሰቀላል፣ ግድግዳ የሚያክል። ስድስቱም ዞረው አዩኝ። እኔ ያልሰማሁ መስዬ የጫማዬን ማሰሪያ አጠበቅኩ።

እዚህ ግን ማንም ስለማያየው ልጻፈው። ያንን ፎቶ እፈልገዋለሁ። እናቴ ክር የምትገዛው ከክለቡ በር ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ነው። አንገቷን ደፍታ ብታልፍ እንኳ ግድግዳ የሚያክል ነገር እንዴት አታይም? ካየች ደግሞ አንድ ቃል መናገሯ አይቀርም።

ሻለቃ አንዲት አዲስ ልጅ አምጥቷል። ቁመቷ ለጉድ ነው፣ ወገቧ በሁለት መዳፍ ይያዛል። ወዲያው መቃ አልናት። «ያንቺን ሁሉ አስተምሪያት» አለኝ። «ሰው ነን፤ አንድ ቀን ብታመሚስ።» ተጠባባቂ መሆኗ ነው። እኔ ደግሞ መቼ ታምሜ አውቃለሁ።

ልጅቷ መጥታ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። «እርስዎን ለማየት ብቻ ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ» አለች።

እርስዎ። አንቱ ብላኝ ቁጭ አለች። ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ሌሎቹ ሳቃቸውን አፍነው ሊፈነዱ ደረሱ።

«አንቺ በይኝ» አልኳት።

«እሺ፣ እንዳሉ» አለች።

ሰኔ 19፣ ረቡዕ

ልምምድ። ዝናብ። ታክሲ የለም፣ በእግሬ። የቤታችን ደረጃ ላይ ቀኝ እግሬን ብቻ ማስቀደም ለመድኩ። ማንም አላየኝም።

ሰኔ 27፣ ሐሙስ

መቃ ትጉ ናት፣ ይህን አልክዳትም። ያሳየኋትን ቤቷ ስትደግመው ታድራለች መሰለኝ፣ በማግስቱ ጥርት አድርጋ ይዛው ትመጣለች። ዝላዩን አስተማርኳት። አዟዟሩን አስተማርኳት። ቆየት ላይ ስንደርስ ግን አልሆነላትም። እግሯን ስትጎትት ጌጥ ታበዛበታለች።

«እዚህች ጋ ምን እያሰቡ ነው?» አለችኝ።

«ምንም።»

«አይ፣ የሆነ ነገርማ አለ። ፊትዎ ይለወጣል እኮ። እንዲህ ነው የሚሆኑት» ብላ የታችኛውን ከንፈሯን ንክስ፣ ዓይኗን ጭፍን አደረገች፤ ከዚያ ትንፋሿን በአፍንጫዋ ቀስ አድርጋ ለቀቀችው።

ክው ብዬ ቀረሁ። እንደዚያ እንደምሆን አላውቅም ነበር። ሕዝቡ የሚጮኸው እግሬን አይቶ ይመስለኝ ነበር።

«ጎበዝ፣ እንደዚያ ነው» አልኳት። ሌላ ምን ልበል? እሷም ስድስቱን ሰብስባ እንዴት ከንፈር እንደሚነከስ ታሳያቸው ጀመር። አንዷ «በግራ ነው በቀኝ የሚጎተተው?» ብላ ስትጠይቃት መቃ ቆጣ ብላ «በግራ ነዋ፣ በቀኝማ ትርጉም የለውም» አለች። ለምን በግራ እንደሆነ ከሁላችንም የማውቀው እኔ ነኝ።

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

ጉልበቴ አበጠ። ከባሩ በረዶ ለመንኩ። «ለማን ነው?» አለኝ የመጠጥ ቀጂው። «ለፊቴ፣ ቆዳ ያጠራል» አልኩት። ነገ ሁሉም ሴቶች በረዶ ይጠይቁታል፣ ይበለው።

ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ

የምሥራች አለኝ። ከልምምድ በኋላ ሻርፔን ረስቼ ስመለስ ሻለቃና የክለቡ ባለቤት መድረኩ ላይ ቆመው በእጃቸው ቦታ እየለኩ ያወራሉ። ሳልፈልግ ሰማሁ።

«ቆየት ያለችዋንስ የት እናድርጋት?» አለ ባለቤቱ።

«መጨረሻ ላይ ናታ» አለ ሻለቃ። «ሌላ የት ትሆናለች?»

መጨረሻ ላይ። ቆየትን የዝግጅቱ መዝጊያ ሊያደርጓት ነው። ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ በዓይኑ ይዞት የሚሄደው የእኔን ነገር ይሆናል ማለት ነው። ሻርፔን ሳልወስድ ተመለስኩ። ቤት እስክደርስ ጉልበቴን እንኳ ረስቼው ነበር።

ሐምሌ 15፣ ሰኞ

ክለቡ ተዘጋ፣ ከእንግዲህ ቀን ቀን ልምምድ ብቻ ነው። የልብስ ክፍላችንን የምትጠብቀው ሴትዮ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት፣ ባለፈው ሳምንት ከረጢት ሰጥታኝ ነበር። ውስጡ የመሀሏ ቀይ ልብስ አለ፣ የእኔው፣ «ለመክፈቻው ይስተካከል» ብላ። መጠኑን የጻፈችበትን ቁራጭ ወረቀት ከጨርቁ ጋር በመርፌ ቁልፍ አያይዛዋለች። ሳልከፍተው ለእናቴ ሰጠኋት። የራሴን ልብስ ምን ብዬ አየዋለሁ?

ዛሬ ስገባ እናቴ ቀዩን ልብስ ጭኗ ላይ ዘርግታዋለች። እንዳየችኝ የአከራያችንን መጋረጃ ከላዩ ጣለችበት። እንግዲህ አፍራበት ነው። በገዛ ቤቷ ልብሴን ከእኔ ትደብቃለች።

«ቁመት ጨምረሻል እንዴ?» አለችኝ።

«በሃያ አምስት ዓመቴ?»

«ወገብሽስ?»

«እማ፣ ልኬን ስትለኪ ነው የኖርሽው። ምን ነካሽ?»

«እኔ እንጃ» አለች። ክሩን በጥርሷ ልትበጥስ ያዘችው፣ ግን አልበጠሰችውም፣ አፏ ውስጥ እንደያዘችው ቀረች። ዓይኗ እየደከመ ነው መሰለኝ። መነጽር ላሠራላት ይገባል፤ ይህንንም እስካሁን አለማሰቤ።

ደስታዬን ላካፍላት ብዬ ጀመርኩ። «ነሐሴ 4 ቅዳሜ ነው። መጥተሽ እይኝ። እንዳትቸገሪ፣ ፈልጊኝም አልልሽም፤ መሀል ላይ ያለችውን ማየት ነው።»

«እዚያ?» አለች።

«አዎ፣ እዚያ።»

መጋረጃውን ብድግ አድርጋ ማጠፍ ጀመረች። ቀዩ ልብስ መልሶ መታየቱን እንኳ ልብ አላለችም።

ሐምሌ 16፣ ማክሰኞ

ሐኪም ቤት። ሐኪሙ ወሬ ያበዛል። ሦስት ወር አትጨፍሪ ይላል፣ እንደ ቀልድ። ሥራሽ ምንድን ነው ቢለኝ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው አልኩት። «ታዲያ ምን ቸገረሽ?» አለኝ።

ሐምሌ 25፣ ሐሙስ

መቃ ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል አርፍዳ መጣች፣ ፊቷን ተኳኩላ፣ ፀጉሯን ተሠርታ። ለልምምድ እንዲህ ማን ይመጣል? «የት ነበርሽ?» ስላት መሬት መሬት አየች። «ሻለቃ ልኮኝ» ብቻ አለች። ወንድ ይዛ ነው እንጂ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል።

እትዬ ጥግ ላይ ቁልፍ እየተከለች ታየኛለች። እሷም ድሮ ጨፋሪ ነበረች ይላሉ፤ አሁን ከወንበር ስትነሳ ዳሌዋን ይዛ ነው። አጠገቧ ስደርስ «ልጄ፣ አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» አለችኝ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እዚህ ቤት የሚተኛ ሰው የለም።

ፎቶ አንሺውስ መቼ ነው የሚመጣው ብዬ ሻለቃን ልጠይቅ አስቤ ነበር። ሥራ ይዞ ነበር፣ ተውኩት። ነገ እጠይቀዋለሁ።

ነሐሴ 2፣ ሐሙስ

የልብስ መለኪያ ቀን። እትዬ በየስማችን ከረጢት አደለች። ቀዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ቆይ» አለችኝ። እኔ መቼ እቆያለሁ፤ አንስቼ አጠለቅኩት። ቀሚሱ ጫማዬን አልፎ መሬት ይጠርጋል። ወገቡ ላይ ዚፑ እምቢ አለ። ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ፣ እምቢ አለ። አንዷን «ሳቢልኝ» ብያት እየሳበች ሌሎቹ ወደየጫማቸው አጎነበሱ። ያ አጎነባበሳቸው መቼም አይረሳኝም። ጀርባዬ ክፍት ሆኖ፣ ግማሽ መስታወት ፊት፣ እስከ ወገቤ ድረስ ያማርኩ ሆኜ ቆሜያለሁ።

መቃ ከኋላዬ መጣች። ድምፅዋ አይሰማም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «እሱ የእኔ ነው መሰለኝ።»

ሻለቃ ተጠራ። አልጮኸም፣ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «መጨረሻ ላይ ነሽ» አለኝ። «የኋላው ረድፍ ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል። አንቺ እኮ ቆየት ያልሽ ነሽ።»

ቆየት ያለችዋ። መጨረሻ ላይ። እኔ ሻርፔን እንኳ ሳልወስድ በደስታ የሮጥኩበት። ስለ እርምጃዋ መስሎኝ፣ ስለ እኔ ነበር የሚያወሩት። ቆየት ያለ ሶፋ እንደሚባለው።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ከንፈሬን እንዴት እንደምነክስ ሳይቀር አስተምሬ አስረከብኳት። ልጠላት ፈልጌ ነበር። ልብሱን ሳወልቅ ዚፑ ቆዳዬን እንዳይዘኝ በእጇ ጋረደችልኝ፤ መጥላቱ እንኳ አልሆነልኝም።

ያው ቀን፣ ማታ

እናቴ መብራት አላጠፋችም። ገብቼ ቀዩ ልብስ ያለበትን ከረጢት፣ ስንታገለው ዚፑ ስለላቀቀ እንዲሰፋ የተመለሰውን፣ ፊቷ ወረወርኩት።

«ታውቂ ነበር።»

«ልኩን ያየሁ ለት» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ እግርሽን ነግረሽኛል?»

ደረጃው ላይ ቀኝ እግሬን ብቻ ሳስቀድም ከውስጥ ሆና ትሰማኝ ኖሯል። ያንቺ እርምጃ ድሮ ሁለት ድምፅ ነበረው፣ ከሰኔ ጀምሮ አንድ ተኩል ሆነ፣ አለችኝ። አለቀስኩ። እሷም አላባበለችኝም፤ ቀሚሱን ከከረጢቱ አውጥታ ገለበጠችው።

«ነይ እዪ» አለች። ወገቡ ላይ ትርፉን ጨርቅ አልቆረጠችውም። በሁለቱም ጎን ወደ ውስጥ አጥፋ፣ በላላ ክር ያዝ ያዝ አድርጋዋለች። «ቁረጪው ነው ያለችኝ እትዬአችሁ። እጄ እምቢ አለ። የፈለግሽ ቀን ይፈታል፣ ልክሽ እዚሁ ውስጥ አለ።»

ከዚያ ደግሞ፣ ፊቷን ወደ መኪናዋ መልሳ፣ «ጭፈራው ስንት ሰዓት ነው የሚጀመረው?» አለች። ጭፈራው። ያንን ቃል ስጠብቅ ኖሬ፣ በዚህ ቀን ይምጣ?

ነሐሴ 5፣ እሁድ

በሩ ላይ መቃ ተሰቅላለች፣ ግድግዳ ታክላለች። አንገቷን ደፍታ፣ ከንፈሯን ነክሳ። የእኔን ፊት አድርጋ።

ትናንት ማታ እናቴ የተቀደደ ቢኖር እንድትሰፋ ተብላ እትዬ ዘንድ ገባች፤ በመድረኩ ጎን በመጋረጃ ስንጥቅ እንደምታይ አውቄያለሁ። ከመውጣቴ በፊት ወንበር ላይ አስቀምጣ ጉልበቴን በሰፊ ላስቲክ ጥብቅ አድርጋ ጠቀለለችው፣ ጫፉን እዚያው ሰፋችው። ከሰኔ ወዲህ እግሬ እንደዚያ ቀጥ ብሎልኝ አያውቅም።

ሦስተኛው ዘፈን መጣ። ዲጄው ሙዚቃውን ቀነሰ፣ «ቆየት በይ» አለ። መቃ ግራ እግሯን ጎተተች። ከኋላዋ ስድስቱም ግራ እግራቸውን ጎተቱ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉ፣ ከንፈራቸውን ነከሱ። ሁሉም አነከሱ፣ ጤነኛው ሁሉ። ሕዝቡ አበደ። እኔ መጨረሻ ላይ፣ ጥግ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ላስቲኩ አልጎትት አለኝ ልበል? ሰው ለምን እንደሚያጨበጭብ ስላወቅኩ ነው እግሬ እምቢ ያለኝ። ያ ሁሉ ጭብጨባ የማን እንደነበር የማውቀው እኔና ጉልበቴ ብቻ ነን።

ስንመለስ እናቴ ቤት ልንደርስ ስንል «እነዚያ ልጆች ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚያነክሱት?» አለች። «ከሁሉም ደህና አንቺ ነበርሽ።»

ሳቅኩ፣ ሳቄ ግን ጥሩ ሳቅ አልነበረም። እሷ አልሳቀችም።

ነሐሴ 7፣ ማክሰኞ

ሻለቃ በሁሉም ፊት አቆመኝ። «ቅዳሜ ቆየትን ያበላሸሻት አንቺ ብቻ ነሽ» አለኝ። ይቺን ነገር ያመጣኋት እኔ ነኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። ምን ልለው ነው? ከየት አመጣሻት ቢለኝስ? አሞኝ ነው ካልኩት የኋላውም ረድፍ ይቀራል። «መቃ ታለማምድሽ» ብሎ ሄደ።

ባዶው መድረክ ላይ ሁለታችን ቀረን። መቃ አፍራለች፣ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷታል። ትጉ ስለሆነች ግን ሥራውን አልተወችም። ምቱን በጭብጨባ ቆጠረችልኝ። ላስቲኩን ጠዋት ፈትቼው ነበር፣ ጉልበቴ አብጦ አላስገባው ብሎኝ። እግሬን ጎተትኩ።

«እዚህች ጋ» አለችኝ በትሕትና፣ «እንዳመመዎት ይሁኑ።»

ጎተትኩ። ከንፈሬን ነከስኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ራሷን ነቀነቀች። «አልሆነም» አለች። «ያመመው ሰው እንዲህ አይደለም። ይዩኝ።»

አየኋት። ከዚያ ደገምኩት።